አካሄዷን በአንባቢ ፊት ስለምትለውጥ አንዲት ሳምንታዊ ወረቀት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር



በዚህ የደስታ ቀን ስለ አንድ ትንሽ ነገር እንናገራለን። ትንሽ ነገር ያልነው፣ ሁለት ዓመት ያህል ዓርብ ዓርብ ስናወጣት የቆየነውን ባለ አንድ ቅጠል ወረቀታችንን ነው። ብዙዎቻችሁ አንብባችኋታል፤ አንዳንዶቻችሁም ሸዋ በር ላይ ኦቾሎኒ ተጠቅልሎባት አግኝታችኋታል።

ወረቀቷን የጀመርነው ሦስት ጓደኛሞች ነን። ማንም አላዘዘንም፤ የክበብም ሥራ አልነበረችም። ከምሳ ገንዘባችን እየቀነስን 40 ቅጂ በፎቶ ኮፒ እናስባዛለን፤ በየክፍሉም እንሰጣለን። «ሁሉም በእጁ ስልክ በያዘበት ዘመን ወረቀት ምን ያደርጋል?» ያሉን ጥቂቶች አይደሉም። ጥያቄው እውነት ነበረበት፤ መልሱን ግን የምናውቅ መስሎን ሳናውቅ ጀመርን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት በእኛ ላይ ሊፈጸም ጥቂት ነበር የቀረው።

በመጀመሪያ አዲስ ነገር የፈጠርን መስሎን ነበር። የአገራችንን የጋዜጣ ታሪክ ስንመለከት ግን ነገሩ ከእኛ እጅግ የቆየ መሆኑን ተረዳን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1900 ግድም፣ የሐማሴኑ ተወላጅ ብላታ ገብረ እግዚአብሔር በእጅ የተጻፈ ወረቀት በየሳምንቱ 50 ያህል ቅጂ እያዘጋጁ ለመኳንንቱ ያድሉ እንደ ነበር ይነገራል። ጥቂት ቆይቶ ካቫዲያስ የተባሉት የግሪክ ተወላጅ «አእምሮ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ሲጀምሩ፣ መጀመሪያ የወጣው በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ እንደ ነበር፣ ስሙንም ያወጡለት ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ሆኑ ይተረካል። ቀጥሎ በማባዣ መኪና፣ ኋላም በማተሚያ ቤት መውጣት ጀመረ። በዚችው በሐረር ከተማችንም በ1905 በፈረንጆች አቆጣጠር የካፑቺን ሚሲዮናዊው አባ ማሪ ቤርናር «ለ ሰመር ዴቲዮፒ»፣ ማለት «የኢትዮጵያ ዘሪ» የተባለውን ጋዜጣ በፈረንሳይኛ መሠረቱ፤ በኋላም ጋዜጣው ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። በሐረር ያደጉትና ከሚሲዮን መምህራን የተማሩት ራስ ተፈሪ ደግሞ በ1917 ዓ.ም. ሳምንታዊውን «ብርሃንና ሰላም» በአዲስ አበባ አስጀመሩ።

ከዚህ ሁሉ የተማርነው አንድ ነገር ነው። ጋዜጣ እንደ ሰው ልጅ ሁሉ ሙሉ ሆኖ አይወለድም፤ አንዱ ከእጅ ጽሕፈት ወደ ማተሚያ፣ ሌላው ከከተማ ወደ ከተማ እያለ መልኩን ያገኛል። እንግዲያስ 40 ቅጂ ይዞ መንገድ መፈለግ የሚያሳፍር አይደለም ብለን ተጽናናን።

አሁን ስለ ሙከራችን እንናገር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የዓለምን ወሬ ከራዲዮና ከስልክ እየለቀምን እንጽፍ ነበር። ዓርብ የምናወጣውን ወሬ ተማሪው ሁሉ ማክሰኞ ሰምቶት ስለሚያድር፣ ወረቀታችን በየወንበሩ ላይ ተጥላ ትቀር ጀመር። ኦቾሎኒ ተጠቅልሎባት ያገኘናትም በዚሁ ጊዜ ነበር። ኦቾሎኒ ሻጯን እናት «ይህን ወረቀት ከየት አገኙት?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ተማሪዎች በነጻ ነው የሚሰጡኝ፤ እግዜር ይስጣቸው» አሉን። እኛም አመስግነን ኦቾሎኒውን ገዝተን ሄድን።

ያን ዕለት ማታ ተቀምጠን ተማከርን። ከመካከላችን አንዱ፣ «አካሄዳችንን በዝምታ እንለውጥ፤ በአንባቢ ፊት መወላወል ነውር ነው፤ መንገዱን የማያውቅ መሪ ማን ይከተለዋል?» አለ። ሌላው ግን፣ «መንገዱን ሳያውቅ ዐውቃለሁ የሚለውን ከመከተል፣ እየፈለግሁ ነው የሚለውን መከተል ይሻላል» ሲል መለሰ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ፣ በወረቀቷ ግርጌ «ሙከራ» የሚል አራት ማዕዘን እንድናሰምር ተስማማን። በዚያም ውስጥ ምን እንደምንሞክር፣ ለስንት ሳምንት እንደምንሞክረው፣ ሲያልቅም ምን እንዳገኘንበት እንጽፋለን። ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብም የመልስ ሣጥን አኖርን።

ሁለተኛው ሙከራችን ምክር ነበር። ስለ ትጋት፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ወላጅ ክብር 4 ሳምንት ጻፍን። ከሣጥኑ 3 መልስ ብቻ ወጣ። አንደኛው፣ «ይህን ሁሉ ምክር እናንተ ራሳችሁ ትፈጽሙታላችሁን?» ይላል። አልፈጸምንም ነበርና፣ አለመፈጸማችንን በግርጌው ጽፈን ተውነው።

ሦስተኛው ሙከራ ሣቅ ነበር። የክፍሉን ቀልድ፣ የተማሪውን አነጋገር እያነሣን ጻፍን። በዚህ ጊዜ 40ው ቅጂ በአንድ ሰዓት አለቀ፤ ሣጥኑም በደስታ ቃል ተሞላ። እንግዲህ ክቡራን ሆይ፤ የምናፍርበት ነገር የሆነው ወረቀታችን እጅግ በተወደደችበት በዚሁ ወራት ነው። ከገጠር መጥቶ ከእኛ ጋራ የሚማር፣ በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር አንድ ጓደኛችን በክፍል ውስጥ የሳታትን አንዲት የአማርኛ ቃል ወስደን ቀለድንባት። ስሙን አልጻፍንም፤ ነገር ግን ማን እንደ ሆነ ያላወቀ ተማሪ አልነበረም። እርሱም ከዚያ ቀን በኋላ በክፍል እጁን ማንሣት ተወ፤ ምሳውንም ለብቻው ይበላ ጀመር።

ሄደን ይቅርታ ለመንነው። በሚቀጥለው ዓርብም ይቅርታችንን በግርጌው እንደምንጽፍ ነገርነው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «የሣቁት ሁሉ ግርጌውን ያነቡታልን?» አለን። መልስ አልነበረንም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ በ40 ቅጂ የወጣውማ ከቶ አይመለስም። ስለዚህ ሰኞ ጧት በሰልፍ ላይ ቆመን ጥፋታችንን በራሳችን ስም ጮክ ብለን አነበብን፤ የሣቁን ሙከራ ማቆማችንንም አስታወቅን። በዚያ ሳምንት 40 ቅጂ አውጥተን 26ቱ ተመለሱልን። ጓደኛችንም ወዲያው አልታረቀንም፤ እጁን በክፍል ያነሣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያን ቀን በወረቀታችን ላይ አልጻፍነውም፤ ይህን ያህል ተምረን ነበር።

አራተኛው ሙከራ እስከ ዛሬ የቆየው ነው። «በየሳምንቱ ከከተማችን አንድ ነገር በእግራችን ሄደን እናያለን፤ ከባለ ሙያው አፍ ሰምተን እንጽፋለን» አልን። በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን የጀጎልን ግንብ ዞርን። አምስቱን ጥንታውያን በሮች ጻፍን፤ በአማርኛ ሰንጋ በር የሚባለው በሐረሪዎች ዘንድ ሱቁጣት በሪ፣ ኤረር በር የሚባለውም አርጎብ በሪ መሆኑን፣ ከበሮቹ አጠገብ እያደግን ሳናውቅ ኖረን፣ በዚህ ምክንያት ዐወቅን። በመኪና ግርግር ከልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ ቆመን ሥራቸውን ተመለከትን። በሸሪፍ ሙዚየም በእጅ የተጻፉትን ጥንታውያን መጻሕፍትና የቆዳ ጥራዛቸውን ስናይ፣ ከተማችን የጸሓፊና የጠራዥ አገር መሆኗን ተረዳን፤ ስለ ራሳችንም የችኮላ ጽሕፈት አፈርን።

ይህ አካሄድ እንደ ሣቁ በአንድ ሰዓት 40 ቅጂ አላስጨረሰንም። ነገር ግን ወረቀቷ በወንበር ላይ መቅረቷ ቀረ፤ ወደ ቤት ትወሰድ ጀመር። አንድ አባት የጻፍነውን አንብበው፣ ስለ በሩ የተሳሳትነውን ሊያርሙን ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ስልክ የማይሰጠውን ነገር ያገኘነው በዚህ ይመስለናል። የሩቁን ወሬ ሁሉም ያደርሰዋል፤ የደጃችንን ነገር ግን ሄዶ ካልጠየቁት ማንም አያመጣውም።

ክቡራንና ክቡራት፤ ሙከራን በግልጥ ማድረግ ዋጋ አለው። የተሳሳተ ሁሉ ይታያል፤ የሚሥቅበትም አይጠፋም። ሆኖም በስውር ለውጠን ቢሆን ኖሮ፣ ጓደኛችንን የበደልንበትንም በደል በስውር ልናልፈው በተፈተንን ነበር። ያን ትንሽ አራት ማዕዘን አስቀድመን ስለ አሰመርን ግን መሸሸጊያ አጣን። ጥቅሙም ይኸው ነበር።

እኛ ሦስታችን ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን። ለታናናሾቻችን የምንተወው የመልሱን ሣጥንና ሙከራዎቻችን፣ የከሸፉትም ጭምር፣ የተመዘገቡበትን አንድ ደብተር ነው። አካሄዳችንን እንዲጠብቁልን አንለምናቸውም። የከተማው ነገር ከሰለቻቸው ሌላ ይሞክሩ፤ ስሟንም ቢሹ ይለውጡ። ነገር ግን የሚለውጡትን ሁሉ ከመለወጣቸው በፊት በግርጌው ይጻፉት፤ የበደሉት ሰው ቢኖርም ከግርጌው አውጥተው በሰልፉ ፊት ያንብቡት። ደብተሩ በመጨረሻው ገጽ ላይ ገና ባዶ ነው፤ እርሳሱንም አብረን አኑረንላቸዋል።