ኪኒኑና ወሬው

 የዛሬው ርእሳችን ሉፐስ ኩላሊታቸውን የነካባቸው ሕሙማን ናቸው። ከአሥር የሉፐስ ሕሙማን ዘጠኝ ያህሉ ሴቶች በመሆናቸው በተለይ ስለ እህቶቻችን እንናገራለን።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚከሰት በሽታ ነው። ኩላሊት ላይ ሲደርስ ሐኪሞች ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ፕሬድኒሶሎን ያዛሉ። ኪኒኑ ኩላሊትን ይታደጋል፤ ግን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ፊትን ያሞላል፣ ስብን ሆድ ላይ ያከማቻል፣ የደም ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የታመመው ኩላሊት ራሱም ግፊትንና የደም ቅባትን ይጨምራል። ይህን ያላወቀ ጎረቤት «ተመችቷት ወፈረች» ይላል። እሷም ወሬው ሲከብዳት ኪኒኗን በድብቅ ትተዋለች። ሐሜት ሰውን እስከዚህ ያደርሳል! ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቋረጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል፣ ሉፐሱንም ሊያገረሽ ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ሐኪሞች መመሪያ የዕለቱ መጠን ሲቻል ወደ 5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች እንዲወርድ ይመክራል። ስለዚህ «ይቀነስልኝ ይሆን?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ነውር የለበትም።

ሚዛን ብቻውን አይበቃም፤ ሰውነት ውሃ ሲቋጥርም ክብደት ይጨምራልና። የሚታዩት አምስት ናቸው፦ የወገብ ስፋት፣ 130/85 የደረሰ ግፊት፣ በባዶ ሆድ 100 የደረሰ ስኳር፣ 150 የደረሰ ትራይግሊሰራይድ፣ ለሴት ከ50 ለወንድ ከ40 የወረደ ጥሩ ኮሌስትሮል። ሦስቱ ከተገኙ ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድረም ይሉታል። ሉፐስ ብቻውንም ልብን የሚያሰጋ በሽታ ስለሆነ ይህ ሲደረብበት ቸል አይባልም።

ታዲያ ለታማሚዋ ብቻ ትንሽ ድስት ለይቶ መጣድ አይበጅም፤ ብቻዋን የምትበላ ሰው ቶሎ ይሰለቻታል። የቤቱ ሁሉ ወጥ ጨው ይቀነስለት። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባውንም ጨው አንርሳ፤ የቀኑ ሁሉ ተደምሮ ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ነው የሚመከረው። በኢፍጣርም በዘይት የተጠበሰ ሳንቡሳና ስኳር የበዛበት ጭማቂ በየቀኑ አይቅረብ።

ጾሙን በተመለከተ እኛ ኢማሞች በየረመዷኑ እንጠየቃለን። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመመ ሰው ሩኽሳ ሰጥቷል። ጾም ይጎዳሻል የተባለች እህት ብታፈጥር ኃጢአት የለባትም፤ መዳን ተስፋ ከተደረገ ቀዷ ታወጣለች፣ ካልሆነም ለየቀኑ አንድ ሚስኪን ታበላለች። ልጹም የምትልም ብትሆን ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ የኪኒኑን ሰዓት በራሷ አታዛውር።