ከአምቢኮ የተገኘ ትምህርት፦ ስለ ልጆች የትምህርት ዕድልና ስለ መርሳት በሽታ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰብሳቢያችን በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር ሲጋብዙኝ ስለ ውሃ ሥራ እንደምናገር አስበው እንደ ነበረ አልጠራጠርም፤ ሙያዬ እርሱ ነውና። እኔም የምጀምረው ከውሃ ነው። ዳሩ ግን ነገሩ ወደ ሌላ ስፍራ ስለሚወስደን፣ በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ አንዲት አሮጊትና ስለ አንዲት ተማሪ መስማታችሁ ቢያስገርማችሁ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆነው ደባርቅ ይደርሳል። ከዚያ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ ከመካከላችን የማያውቀው የለም። ወደ ምሥራቅ ግን ሌላ መንገድ አለ። እርሱም በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል አድርጎ የቧሂትን ትከሻ ይሻገርና ወደ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል። ወንዙን ተሻግሮ ማዶውን ዳገት የወጣ ሰው በራስ ዳሸን ግርጌ አምቢኮን ያገኛል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነው፤ የገብስና የበግ አገር፣ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት፣ ብዙው ጎዳና በገደል ጠርዝ የሚያልፍ አገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ አካባቢ ለምትገኝ አንዲት መንደር የምንጭ ማጎልበት ጥናት እንዳደርግ ተልኬ ነበር። በእጄ የነበረው መጠይቅ እናንተም የምታውቁት ዓይነት ነው፤ የቤተሰቡን ብዛት፣ ምንጩ ከቤት ያለውን ርቀት፣ ለመቅዳት የሚወስደውን ሰዓት፣ በቀን የሚቀዳውን ጀሪካን ይጠይቃል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «ከትምህርት የቀረች ሴት ልጅ አለች ወይ? ምክንያቱስ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። በአንደኛው ቤት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አገኘሁ። አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጣለች። ጀርባዋ ላይ ጀሪካን ስለ ነበረ ሌላ ሳልጠይቅ «ውሃ መቅዳት» በሚለው ትይዩ ምልክት አድርጌ ወጣሁ።

ሥራው ተሠራ። ምንጩ ጎለበተ፤ ቧንቧው ተዘረጋ፤ ቦኖው ከቤቶቹ አጠገብ ቆመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለምርመራ ስመለስ ውሃው ሳይቋረጥ ይወርድ ነበር። ልጅቱ ግን እቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አባቷን፣ «ውሃው ከደጃችሁ መጥቶ ሳለ ልጅዎ ለምን አልተማረችም?» ብላቸው፣ «ጋሼ፣ ውሃውስ እግዜር ይስጥልን መጣ፤ እናቴን ግን ማን ይጠብቅልኝ?» ሲሉ መለሱልኝ።

እናታቸው ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ናቸው። መጀመሪያ የሸማኔውን ቀጠሮና የበጎቹን ቁጥር ይረሱ ጀመር። ቀጥሎ ወጥ ጥደው መርሳት መጣ። አንድ ሌሊት ተነሥተው «ወደ አባቴ ቤት እሄዳለሁ» ብለው ሲወጡ መንደሩ ችቦ ይዞ ፈልጎ በገደሉ አፋፍ ላይ ደረሰባቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከምድጃው ዳር ሳሉ ቀሚሳቸው እሳት ያዘው። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ከእርሳቸው አትለይም። ሌሊት የቀሚሳቸውን ጫፍ በእጇ ይዛ ትተኛለች። አያቷ የልጅቱን ስም ስለ ዘነጉት በሞተች እኅታቸው ስም ይጠሯታል፤ ልጅቱም ሳታርም «አቤት» ትላለች።

ያን ቀን የተረዳሁት፣ ጥናቴ በቁጥር ትክክል፣ በፍሬ ነገሩ ግን ስሕተት እንደ ነበረ ነው። ስሕተቱም የመጠይቁ ብቻ አልነበረም፤ ሁለተኛ ጥያቄ ለመጠየቅ ያልቆምሁት የእኔው ነው።

ክቡራን ሆይ፣

በአገራችን አንድ ሽማግሌ ነገር ሲደጋግምና ሰው ሲስት «ጃጅቷል» እንላለን፤ በዚያው ነገሩን እንዘጋዋለን። አንዳንዱ የእርግማን ወይም የመንፈስ ሥራ ያደርገዋል፤ ቤተሰቡም አፍሮ ይደብቃል። ሐኪሞች ግን የሚሉት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 አሎይስ አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ለሙያ ጓደኞቹ ያቀረበው ታሪክ በ51 ዓመቷ ሆስፒታል ስለ ገባች ሴት ነበር። እርሷ አሮጊት አልነበረችም፤ አእምሮዋ ግን በበሽታ ተጎድቶ ነበር። ዛሬ በእርሱ ስም የሚጠራው ሕመም ከመርሳት በሽታዎች ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። ስለዚህ «የሀብታም አገር በሽታ ነው» የሚለው ሐሳብ መሠረት የለውም።

በሽታውን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ሕመምተኛውን ሐኪም ዘንድ ማቅረብ ከንቱ ድካም አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት የመርሳት በሽታን መስለው ሊታዩ ይችላሉ፤ እነዚህም ይታከማሉ። ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦችን ከጠበሉ አትቅሩ አልልም፤ ከጠበሉ ሲመለሱ በጤና ጣቢያው በኩል ይለፉ እላለሁ።

አሁን ወደ ልጅቱ ልመለስ። የመርሳት በሽታና የልጆች ትምህርት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይመስላሉ። ነገር ግን አንድ ገመድ ያስተሳስራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው የሊቃውንት ቡድን ባወጣው ዘገባ ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡና ሊለወጡ የሚችሉ 14 ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። የደም ግፊት፣ የመስማትና የማየት ጉድለት ሳይታከም መቅረቱ፣ ትምባሆ፣ የራስ ቅል ጉዳት፣ ብቸኝነት፣ የአየር ብክለት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በልጅነት በቂ ትምህርት አለማግኘትም አንዱ ነው። አሥራ አራቱም ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል ዘገባው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረ ሌላ ጥናት ደግሞ ለእኛ ለገዳም አገር ሰዎች የቀረበ ነው። ዴቪድ ስኖውደን የተባለው ተመራማሪ 678 መነኮሳይያትን ለብዙ ዓመታት ተከታተለ። መነኮሳይያቱ ወደ ገዳም ሲገቡ፣ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ላይ፣ የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ጽፈው ነበር። በወጣትነት ጽሑፋቸው ሐሳባቸው የበለጸገው በእርጅናቸው ከመርሳት በሽታ ይበልጥ ተጠብቀው ተገኙ። ሊቃውንቱ ይህን የሚያስረዱት በመጠባበቂያ ምሳሌ ነው። እኛ አንድ ምሰሶ ቢሰበር ጣሪያው እንዳይወድቅ ሸክሙን ሌሎቹ እንዲካፈሉ አድርገን ሕንፃ እንደምንነድፍ ሁሉ፣ የተማረ አእምሮም ከፊሉ ሲጎዳ የሚደገፍበት ትርፍ አቅም ያከማቻል። ትምህርት ለማንም ዋስትና አይሆንም፤ ታላላቅ ሊቃውንትም ታመውበታል። ሆኖም አደጋውን ይቀንሳል፤ ጊዜውንም ያዘገያል።

እንግዲህ የነገሩን ክብደት ተመልከቱ። ልጅቱ የአያቷን አእምሮ ለመጠበቅ ስትል የምታጣው ትምህርት፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ የራሷን አእምሮ ሊጠብቅላት ከሚችሉት ነገሮች አንዱ ነው። እርሷ ስታረጅ ደግሞ የልጅ ልጇ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ድህነት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ይህኛው በቆጠራ ቅጽ ላይ የማይታይ ነው።

አገራችን ለዚህ ሰንሰለት መቁረጫ የሚሆን ሥራ ጀምራ ታውቃለች። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ገበሬዎችና የገጠር ሴቶች በበሰለ ዕድሜያቸው ፊደል ቆጥረዋል፤ አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት አግኝታበታለች። በዚያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ሴት የነበረች ዛሬ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ናት። ያ ትውልድ አሁን እርጅናው ላይ ነው፤ የሚጦረውም በልጆቹና በልጅ ልጆቹ ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከዚያም በክልላችን በተፈጠረው ጦርነትና ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። ከትምህርት የራቀች ሴት ልጅ እቤት ስትውል ሥራ አይታጣላትም፤ ከሥራዎቹም አንዱ ሽማግሌ መጠበቅ ነው። አንድ ጊዜ ጠባቂ ከሆነች ትምህርት ቤቱ ቢከፈትም ቤቱ አይለቃትም።

ይህ ሁሉ መሐንዲስን ምን ያገባዋል? ብትሉኝ አራት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መጠይቃችንን እናስተካክል። ለውሃ፣ ለመንገድ ወይም ለትምህርት ቤት ጥናት ወደ መንደር ስንገባ «በዚህ ቤት ጠባቂ የሚያስፈልገው ሰው አለ ወይ? የሚጠብቀውስ ማን ነው?» የሚል አንድ መስመር እንጨምር። ወጪው የአንድ ደቂቃ ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ ቤቱን እንመልከት። በዚያች መንደር የሆነውን ልንገራችሁ። ከልጅቱ አባትና ከጎረቤቶች ጋር ተመካክረን በአንድ ቀን ደቦ ግቢውን በድንጋይ ካብ አጠርነው፤ በሩን ከውጭ በኩል በሚከፈት መወርወሪያ አበጀነው። ምድጃው ዙሪያ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጭቃ ግድግዳ ተሠራ። ወደ መጸዳጃው የሚወስደውን መንገድ ዳርና ዳር ነጭ ድንጋይ ደረደርንበት። ሲሚንቶ አልገዛንም፤ የነደፍነውም በመሬት ላይ በዱላ ነበር። ከዚያ በኋላ አሮጊቷን ለመጠበቅ ዓይን ብቻ በቃ፤ ይህንንም ጎረቤቶች በተራ ሊያደርጉት ቻሉ።

ሦስተኛ፣ ሰዎችን ከቀያቸው ስናነሣ እንጠንቀቅ። በ2008 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ለፓርኩ ጥበቃ የነበረውን ጥቅም እዚህ አልከራከርበትም። ነገር ግን አእምሮው የደከመ ሰው የሚኖረው እግሩ በለመደው ጎዳናና እጁ በለመደው በር ነው፤ አዲስ ቦታ ግራ መጋባቱን ያብሳል። የሰፈራ ፕላን የምንነድፍ ሁሉ የጥንት ጎረቤቶችን ጎረቤት አድርገን ብናሰፍር፣ የበሩንም አቅጣጫ እንደ ቀድሞው ብናደርግ ለሽማግሌው መድኃኒት ያህል ነው።

አራተኛ፣ ትምህርት ቤቱን ወደ ልጁ እናቅርብ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የሚያስተምሩ ሳተላይት ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ ቦታቸውን የሚወስነው ባዶ መሬት መገኘቱ ብቻ አይሁን፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ የትኛው መንደር እንደሚቆረጥ እንመርምር፤ ድልድይ የሚያስፈልግ ከሆነ ከሕንፃው ጋር አብረን እንንደፍ። አስተማሪዎችም ጠባቂ የሆኑ ልጆችን በፈረቃ ቢቀበሉ፣ ግማሽ ቀን ከምንም ይሻላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ለረጅም ዓመታት የቤተሰቦችን ጤና በመከታተል ላይ ይገኛል፤ ደባርቅም ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ማኅበራችን ከእነዚህ ተቋማት ጋር ተነጋግሮ አንድ ትንሽ የጋራ ሥራ ቢጀምር ከአቅማችን በላይ አይሆንም።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፣

ልጅቱ ካቋረጠች ከሦስት ዓመት በኋላ ከሰዓት ፈረቃ አራተኛ ክፍል ገባች። ከእርሷ በዕድሜም በቁመትም ከሚያንሱ ልጆች መካከል በኋላ ወንበር ተቀምጣ አይቻታለሁ። አያቷ ግን እኔን አላወቁኝም፤ ቀድሞም አያውቁኝም ነበር። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ደብተሯን ከፍታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነብ ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ፤ አንዳንዴም የመጨረሻዋን ቃል ተከትለዋት ይደግማሉ። አባቷ ይህን ሲያሳዩኝ፣ «አሁን ሁለቱም ይማራሉ» አሉኝ።

ያንን ቦኖ ስንመርቅ ስሜ በምርቃቱ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነበር። በድንጋዩ ካብ ላይ የማንም ስም የለም። ከሁለቱ ልጅቱን ወደ ትምህርት ቤት የመለሳት ካቡ ነው። ወደ ሥራችን ስንመለስ ይህን እንድታስቡልኝ እለምናለሁ።