ኮይ ዓሣን በቤት ውስጥ ስለ ማኖር፤ በአሰላ ደጋ የሚያሻው ስሌት



ኮይ በጃፓን አገር፣ በኒጋታ፣ በቀለሙ እየተመረጠ የተራባ የካርፕ ዘር ነው። ዘመዱ የሆነው ተራው ካርፕ ከውጭ መጥቶ ከአርሲ ደጋ ግርጌ በሚገኘው በዝዋይ ሐይቅ ይኖራል። ኮይን በአሰላ ለማሳደግ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚፈራው ብርዱን ነው። ዓሣው ግን ብርድን ይችላል፤ ይልቅስ የሚያሠጋው የአየሩ መሳሳት ነው።

በባሕር ጠለል፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በአሰላ ግን ያው ውኃ 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ይህ ለኮይ ቢበቃም ትርፉ ጥቂት ነው፤ ዓሣው ሲበዛና መብራት ሲጠፋ ፈጥኖ ያልቃል። ስለዚህ የአየር መንፊያው መብራት ሲቋረጥ የሚተካው ባትሪ ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው ስሌት የክብደት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎግራም ስለሚመዝን የገንዳው ቦታ ጠንካራ መሬት እንጂ የእንጨት ወለል አይደለም። ጣት የምታህል ጫጩት 60 ሴንቲሜትር ልትደርስ ስለምትችልም ገንዳው የሚለካው በነገው ዓሣ ነው።

ሦስተኛው የጊዜ ነው። የዓሣውን አሞኒያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ላይ እስኪደላደሉ ሳምንታት ይፈጃሉ፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይዘገያሉ። የቧንቧ ውኃም ክሎሪኑ ሳይወገድ አይጨመርም።

እንግዲህ አዲሱ ባለቤት አስቀድሞ ውኃውን ያዘጋጅ፤ ዓሣውን ኋላ ይግዛ። በገንዳ የተዘጋ ፍጡር መሸሻ የለውምና፣ የስሌቱን ስሕተት በሕይወቱ የሚከፍለው እርሱ ነው።