ለጠበኛ የባሕር ዓሣ ጎረቤት ስለ መምረጥ



የባሕር ዓሣ በመስተዋት ገንዳ ለመያዝ የሚሻ ሰው ዘወትር የሚያነሣው ጥያቄ «ሰላማዊው ዓሣ የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ቅን ቢሆንም ብዙ ዓሣ ያስፈጃል። መጠየቅ የሚገባው «ጠበኛው ማንን እንደ ተቀናቃኝ ይቈጥራል?» ተብሎ ነው። ለዚህም የቅርባችን የቀይ ባሕር ነዋሪ የሆነውን ሶሓልን በምሳሌነት እወስዳለሁ።

ሶሓልን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፔተር ፎርስኮል ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ቢሞትም፣ ጽሑፉ በ1775 ታትሟል። ዓሣው እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ በጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ እንደ ሐኪም ቢላዋ የሰላ እሾህ ስላለው፣ ወገኖቹ ሁሉ ሰርጅን ዓሣ ይባላሉ። ኑሮው ማዕበል በሚሰበርበት የኮራል ዐለት ጫፍ ላይ ሲሆን፣ በዐለቱ ላይ የሚበቅለውን አልጌ ይግጣል፤ ግጦሹንም ከሌላው ይከላከላል። በባሕር ውስጥ የተባረረው ዓሣ ጥቂት ርቆ ሲሄድ ጠቡ ያበቃል። በገንዳ ውስጥ ግን ሸሺው ከመስተዋት ጋር ይጋጫል፤ ተመልሶም ይመታል። እንግዲህ ዓሣውን ገዳይ የሚያደርገው ጠባዩ ብቻ ሳይሆን መሸሻ ማጣት ጭምር ነው።

ኮንራድ ሎሬንስ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ደማቅ ቀለም ያላቸው የኮራል ዓሦች ከሁሉ አብልጠው የሚያጠቁት የገዛ ዘራቸውን መሆኑን አስረድቷል። ከዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይወጣል፤ ከሶሓል ጋር ሁለተኛ ሶሓል፣ ወይም ሌላ ሰርጅን ዓሣ አይግባ።

ሁለተኛው ደንብ ጎረቤትን በመብልና በማደሪያ መለየት ነው። ሞሬይ የተባለው እባብ መሰል ዓሣ በዐለት ጉድጓድ ያድራል፤ ሥጋም ይበላል። ትሪገር ዓሣ ጠንካራ ነው፤ ሸርጣንና የመሳሰለውን ሰብሮ ይመገባል። ግሩፐርም አዳኝ እንጂ ግጦሽ ፈላጊ አይደለም። ሆኖም እነዚህም በተራቸው ትንንሹን ዓሣና ሸርጣኑን ስለሚጨርሱ፣ እንዲህ ባለ ገንዳ ለደካማ ቦታ የለም።

ሦስተኛው የአገባብ ቅደም ተከተል ነው። ሶሓል መጨረሻ ይግባ፤ ቀድሞ የገባ እንደሆነ ገንዳውን ሁሉ ርስቱ ያደርገዋልና። በኋላ ሌላ ማስገባት ግድ ቢሆን፣ ድንጋዮቹን አዛውሮ የቀድሞውን ወሰን ማጥፋት፣ ብርሃኑን መቀነስ፣ እንግዳውንም ለጥቂት ቀናት በሚያሳይ መከለያ ለይቶ ማላመድ ይጠቅማል።

አራተኛው ስፋትና ምግብ ነው። በገበያ የሚሸጠው ግልገል መዳፍ ቢያክልም፣ ለጎልማሳው ከ700 ሊትር ያነሰ ገንዳ አይበቃውም። አልጌም በቀን ደጋግሞ ይሰጠው፤ ረኃብ ጠብን ያባብሳልና።

እነዚህ ሁሉ ቢጠበቁም ዋስትና የለም፤ አንዱ ሶሓል ከሌላው በጠባይ ይለያያል። ዓሣ ደግሞ አይጮኽም። ክንፉ የተቀደደ፣ ከማዕዘን ተወትፎ የቀረ፣ ምግብ የተወ ዓሣ ሲታይ፣ ነገ ሳይባል በዚያው ዕለት ይለይ። ስለዚህ መለያ የሚሆን ትርፍ ገንዳ የሌለው ሰው፣ ሶሓልን ሳይገዛ ቢቀር ይሻለዋል። ውበቱን መመኘት ቀላል ነው፤ ኃላፊነቱ ግን የሚወድቀው ራሳቸውን ማዳን በማይችሉት ጎረቤቶቹ ላይ ሳይሆን በመራጩ ላይ ነው።