የዋልያዎቹ መከላከልና ማጥቃት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በስፖርት ክበብ ተማሪዎች የተነበበ ንግግር)



 የመረጥነው አርእስት የብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን የመከላከልና የማጥቃት ችሎታ ነው። ይህንንም የመረጥንበት ምክንያት፣ በከተማችን በጅጋ የኳስ ወሬ በተነሣ ቍጥር «በረኛው ነው ያስበላን» የሚል ክርክር ስለማይጠፋ ነው። ነገሩ እውነት ነውን? እስቲ በቍጥር እንመርምረው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ. ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ አገራችን ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚባለው የአዲስ አበባ ስታዲዮም የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉም ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 2 ለ 0 ስትመራን ቆይታ 4 ለ 2 አሸነፍናት። በፍጻሜውም ግብጽ ሁለት ጊዜ ብትቀድመን ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 ረታን። እንግዲህ ልብ በሉ! በየጨዋታው 2 ጎል ገብቶብናል። ዋንጫውን ያመጣልን አጥቂው እጥፉን አግብቶ ስለ መለሰ ነው።

ልክ በ51 ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ. ም.፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመሩት ዋልያዎች ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው በደቡብ አፍሪካ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጠሙ። እኛ ያን ጊዜ ሕፃናት ነበርን፤ እናንተ ወላጆቻችን ግን ታስታውሱታላችሁ። ሳላዲን ሰዒድ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ከሸፈ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ሆኖም በ10 ሰው እየተጫወቱ አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ተለያዩ። በሁለተኛው ጨዋታ ነገሩ ተገለበጠ። የቡርኪና ፋሶ በረኛ በቀይ ካርድ ሲወጣ የምንመራው 1 ለ 0 ነበር፤ እኛ 11 እነሱ 10 ሆነው ሳለ ሦስት ጎል ተጨምሮብን 4 ለ 0 ተሸነፍን። ናይጄሪያንም እስከ 80ኛው ደቂቃ ከያዝን በኋላ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 0 ተረታን።

አሁን እናስላው። በ1954 በ2 ጨዋታ 8 አግብተን 4 ገባብን፤ በ2005 በ3 ጨዋታ 1 አግብተን 7 ገባብን። በየጨዋታው የሚገባብን ከ2 ጥቂት ከፍ ቢል ነው፤ የምናገባው ግን ከ4 ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። እርግጥ፣ በ1954 የተወዳደሩት 4 አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ሜዳውም የራሳችን ነበር። በ2005 የረቱን ሁለቱ ቡድኖችም ለፍጻሜ የደረሱ ብርቱዎች ናቸው። ቢሆንም በረኛውን ለብቻው መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው።

ይህን ከእኛ ይልቅ ገበሬዎቹ ወላጆቻችን ያውቁታል። በቆሎውን ዘርቶ ከዝንጀሮ ያልጠበቀ ጎተራው ባዶ ይሆናል፤ ያልዘራም ቢሆን ማማ ላይ ወጥቶ የሚጠብቀው የለውም።

ይህን ሁሉ የተናገርነው ያለ ምክንያት አይደለም። በክፍሎች ውድድር ጊዜ ሁላችንም አጥቂ እንሁን ብለን በረኝነቱን ለአንድ ጓደኛችን ጣልንበት። 3 ጎል ሲገባበት ሰደብነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሜዳ መምጣት ተወ። በዚያ ጨዋታ እኛ አጥቂዎቹ አንድም ጎል አላገባንም ነበር። ስለዚህ ዛሬ በእናንተ ፊት ይቅርታ እንጠይቀዋለን፤ ቦታውም እየጠበቀው ነው።

ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ እንመኛለን።