የወል ስም የግል ሀብት ይሆናልን?



አየር ጤና ላይ የታክሲ ረዳት «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ ሲጣራ፥ ገንዘብ ልበደር ብሎ የሚሳፈር ሰው የለም። ስሙ ዋሽንግተን ከሚገኘው ድርጅት ተነሥቶ በኮልፌ ቀራንዮ የሰፈር መጠሪያ ከሆነ ውሎ አድሯል። እንግዲህ በዚያ ሰፈር አንድ ሰው «ዓለም ባንክ ዳቦ ቤት» የሚል ሰሌዳ ቢሰቅል፥ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤቱም ይህንኑ ቢጽፍ፥ የፊተኛው የኋለኛውን ሊከለክለው ይችላልን?

በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 501 መልስ አለው። የንግድ ምልክት የአንዱን ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ለመለየት የሚያስችል መሆን አለበት፤ የዕቃውን ዓይነት፥ ጥራቱን ወይም የተገኘበትን ስፍራ ብቻ የሚናገር ቃል ግን ለአንድ ሰው ተለይቶ አይሰጥም። «ዳቦ» የሁሉ ነው፤ «ዓለም ባንክ»ም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነው። ባለ ዳቦ ቤቱ ሊያስከብር የሚችለው በእነዚህ ላይ የጨመረውን የራሱን ልዩ ስም ወይም ሥዕል ነው።

ቃል ግን በአንድ ስፍራ ረግቶ አይኖርም። «ሃይላንድ» የአንድ የታሸገ ውሃ መጠሪያ ነበር፤ ዛሬ የማንም ውሃ የተሸጠበት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ «ሃይላንድ» ይባላል። ይህ ለባለ ስሙ ክብር ይመስላል፤ በሕግ ዓይን ግን አደጋ ነው። አስፒሪን የሚለው ስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከባለ ምልክቱ ከባየር እጅ የወጣው፥ ሕዝቡ ቃሉን የመድኃኒቱ የራሱ ስም አድርጎ ስለ ያዘው ነበር።

የተገላቢጦሹን መንገድ የሄደው ቡናችን ነው። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋ ጨፌ፥ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ አመለከተ። ይርጋ ጨፌ ተፈቀደ። የአገሩ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ግን ተቃወመ፤ የምዝገባው መሥሪያ ቤትም ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል ሲል በመጀመሪያ አልተቀበላቸውም። ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን ምልክት ቀደም ብሎ ለራሱ አመልክቶ ነበር። ስሙ ተራ ቃል ከሆነ፥ ነጋዴው ስለ ምን በከረጢቱ ላይ በጉልህ ይጽፈዋል? ስለ ምንስ ለራሱ ይሻዋል?

የመንግሥታችን ክርክር ሲዳሞ የቦታ ስም አይደለም የሚል አልነበረም፤ ቡና ገዢው ይህን ቃል ሲሰማ አሳቡ የሚሄደው ወደ ኢትዮጵያ ቡና ነው የሚል እንጂ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ በ2000 ዓ.ም. ሲዳሞ ተመዘገበ፤ ሐረርም ተከተለ።

መንግሥት በስሞቹ ለሚነግዱ የውጭ ኩባንያዎች ያቀረበው ፈቃድ ክፍያ የሌለበት ነበር። በምትኩ የጠየቀው፥ ኩባንያዎቹ ስሞቹን የኢትዮጵያ መሆናቸውን አውቀው እንዲጠቀሙባቸውና በገበያ እንዲያስተዋውቋቸው ነው።