የቤት ውስጥ ዲዛይን ሙያ በሜትር ይጀመራል

(በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው የትምህርት ዓይነት የሚመርጡ ልጆች በየቤታችን አሉ። ከእነዚህም መካከል «የመኖሪያ ቤት የውስጥ ዲዛይን መማር እፈልጋለሁ» የሚሉ ተነሥተዋል። ወላጅ ይህን ሲሰማ ግር ይለዋል። «መጋረጃ መስቀልና ሶፋ መደርደር ዩኒቨርሲቲ ያስገባል ወይ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የልጅ ዕድሜና የቤተሰብ ገንዘብ ያለበት ጉዳይ ነውና። ስለዚህ ሙያው ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚዘጋጁለት በአጭሩ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ሙያው ጌጥ ብቻ አይደለም። ስፋትን፣ ብርሃንን፣ አየርንና የሰው መተላለፊያን አስቀድሞ ማስላት ነው። ስፋቱ 3 ሜትር ተኩል የሆነ ሳሎን እንውሰድ። ግራና ቀኝ 90 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ሶፋ ቢቀመጥ መሐሉ 1 ሜትር ከ70 ይቀራል። 60 ሳንቲ ሜትር ጠረጴዛ ሲገባበት በየጎኑ የሚተርፈው 55 ብቻ ነው። ቡና ይዛ የምታልፍ ሴት ጎኗን ሰጥታ ካልሆነ አታልፍም። እንግዳ የበዛ ዕለትማ ምን ሊሆን ነው? ቤቱ ጠቦ እኮ አይደለም፤ ዕቃው ሳይለካ ስለተገዛ ነው።

የማድ ቤቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገለጸው፣ በቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶና ከሰል በሚወጣ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ምጣዱ የት ይቀመጥ፣ መስኮቱ በየት በኩል ይከፈት፣ ጭሱ በየት ይውጣ ብሎ ማሰብ የዚህ ሙያ ዋነኛ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ የራሱ መስመር ሊታሰብለት ይገባል።

ይህ ነገር በሌላውም ዓለም የታየ ነው። ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1926 ለጀርመኗ የፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ ቤቶች ማድ ቤት ስትነድፍ፣ ሴቶች በሥራ ላይ የሚመላለሱትን እርምጃና የሚፈጅባቸውን ጊዜ አስልታ ነበር። ወርዱ 2 ሜትር የማይሞላው ይህ ማድ ቤት በ10,000 ያህል ቤቶች ተሠርቷል። የእኛም አባቶች ቢሆኑ ይህን ያውቁ ነበር፤ መደቡ መቀመጫም መኝታም ነው፣ ቆጡ ዕቃ ይይዛል፣ ጓዳው ከእንግዳ ዓይን የተከለለ ነው። የሚማር ልጅ ይህን ሊንቅ አይገባውም።

እንግዲህ የት ይማራል? በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሰፊው በር አርክቴክቸር ነው፤ የውስጥ ዲዛይን የሚሠለጠነው በአብዛኛው በእሱ ሥር ነው። ስለዚህ «የውስጥ ዲዛይን» የሚለውን ስም ብቻ የሚፈልግ ተማሪ በሩን አልፎ ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተብሎ የተመሠረተው ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ልደታ ይገኛል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም አርክቴክቸር ያስተምራል። ዝንባሌው ወደ ዕቃው ቅርጽ የሆነ ተማሪ ደግሞ በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የኢንዱስትሪ ዲዛይን አለለት። ውጤት ያልመጣለትም ቢሆን መንገዱ አልተዘጋበትም፤ በቴክኒክና ሙያ በኩል የፈርኒቸርና የሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ ተምሮ የብቃት ምዘና መውሰድ ይችላል።

ወላጆች ሆይ፣ በጥቂት ወራት ዲዛይነር እናደርጋለን ለሚል ሁሉ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ፈቃዱ የታደሰ ነው ወይ? አስተማሪው የሠራው ቤት ይታያል ወይ? ልጁ ሲጨርስ በእጁ የሚይዘው ሥራ ምንድን ነው? መልስ ከሌለ ብራችሁን ያዙ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ዝግጅቱ ዛሬ እዚሁ ቡሬ ይጀመር። አርክቴክቸር የሚገባው በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ነውና ሒሳብና ፊዚክስን አትተዉ። ሁለተኛ፣ ሜትር ይዛችሁ የራሳችሁን ቤት ለኩ፤ በወረቀትም ላይ 1 ሜትሩን በ2 ሳንቲ ሜትር ሣሉት። 4 በ4 የሆነ ክፍል 8 በ8 ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ አልጋው የት እንዳለ፣ ጠዋት ፀሐይ በየት እንደምትገባ አመልክቱ። ሦስተኛ፣ በክረምት አናጢ ዘንድ ሥሩ። ባሕር ዛፉ ሲደርቅ እንዴት እንደሚጣመም፣ ከአዊ በኩል የሚመጣው ቀርከሃ ለምን እንደሚሆን ያልዳሰሰ ሰው በኮምፒዩተር ብቻ ቢነድፍ አናጢ የማይሠራውን ያወጣል። አውቶካዱና ስኬችአፑ በኋላ ይደርሳሉ። የሣላችሁትን ሁሉ ቀን ጽፋችሁ በአንድ ማኅደር አስቀምጡ፤ ሥራ ስትጠይቁ የሚመሰክርላችሁ እሱ ነው።

ስለ እንጀራው ግን እውነቱ ይነገር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ከዚያም በኋላ ቢሆን በከተማችን ለንድፍ ብቻ የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ንድፉን ከዕቃ ሥራው፣ ከቀለሙና ከመብራቱ ጋር አጣምሮ የያዘ ሰው ይሻለዋል።

በመጨረሻ ማኅበራችንን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ተማሪ ሜትር ይዞ ሲመጣ «ቤቴን ምን ሊያይ ነው?» ሳትሉ በራችሁን ክፈቱለት። አናጢዎቻችንም ሴት ልጅ ሙያ ልማር ብላ ስትመጣ አትመልሷት፤ ማድ ቤቱን ከእሷ የበለጠ የሚያውቀው የለምና። አዲስ ቤት የምትሠሩም ብሎኬቱ ከመደርደሩ በፊት አልጋችሁንና ምጣዳችሁን በወረቀት ላይ አስቀምጡ። ግድግዳ ከማፍረስ መስመር መፋቅ ይረክሳል።